በቤትሽ ለመቅረጽ ስትነሺ

ልጄ፣ ክራርሽንና ድምፅሽን በራስሽ ላፕቶፕ ልትቀርጪ መነሳትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። በትንሽ ገንዘብ የትኛውን ኦዲዮ ኢንተርፌስ ልግዛ ብለሽ ጠይቀሽኛል። የዕቃ ስም ከመጥራቴ በፊት ሥራውን ልንገርሽ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና።

ከማይክ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሞገድ እጅግ ደካማ ነው። ኢንተርፌሱ ያን ያጎላዋል፤ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠውና በዩኤስቢ ለኮምፒውተሩ ያቀብለዋል። የተቀረጸውንም መልሶ ለጆሮሽ ያመጣዋል። የላፕቶፑ ትንሽ ቀዳዳ ለስልክ ወሬ እንጂ ለእንዲህ ያለ ሥራ አልተሠራም።

እንግዲህ አስቀድመሽ ራስሽን የምትጠይቂው ስለ ዋጋው አይደለም። በአንድ ጊዜ ስንት ድምፅ ትቀርጫለሽ? ክራር እየመታሽ የምትዘፍኚ ከሆነ ሁለት ማይክ ያሻሻል፤ አንዱ ለአፍሽ፣ አንዱ ለክራሩ። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ይታለላል። ሁለት ኢንፑት አለው የተባለ ሁሉ ሁለት ማይክ አይቀበልም። የፎከስራይት ስካርሌት ሶሎም ሆነ የቤሪንገር ዩኤም2 የሚቀበሉት አንድ ማይክ ብቻ ነው፤ ሌላኛው ቀዳዳቸው ለጊታር ወይም ፒክአፕ ለተገጠመለት ክራር የሚሆን ነው። ስካርሌት 2አይ2 እና የቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ ግን ሁለት ማይክ ይይዛሉ። ማሲንቆና ከበሮ የሚመቱ ጓደኞች አሉኝ ብለሽ ባለ ስምንት ኢንፑት አትመኚ፤ ተራ በተራ በየትራኩ መቅረጽ ይቻላል። እንደ ቤትሽ እንጂ እንደ ጎረቤትሽ አትተዳደሪ።

ቀጥሎ የማይክሽን ዓይነት ለዪ። ኮንደንሰር ማይክ አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ካልደረሰው አይሠራም፤ ስለዚህ ኢንተርፌሱ ላይ 48 ቮልት የሚል ማብሪያ መኖሩን በዓይንሽ እዪ። እንደ ሹር ኤስኤም58 ያለው፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመድረኩ የኖረው ዳይናሚክ ማይክ ግን ይህን አይፈልግም። ኮንደንሰር ጣትሽ ጅማቱን ሲነካ ያለውን ጥቃቅን ድምፅ ሁሉ ይይዝልሻል፤ የጎረቤት ውሻና በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብም አብሮ ይገባል። ዳይናሚኩ የቅርቡን ይዞ የሩቁን ይተዋል፤ ነገር ግን ለስለስ ላለ መሣሪያ ብዙ ጌይን፣ ማለትም ብዙ ማጉላት፣ ይጠይቃል። የስካርሌት 2አይ2 ሦስተኛው ትውልድ እስከ 56 ዲሲቤል፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው አራተኛው ትውልድ እስከ 69 ዲሲቤል ይሰጣል። በዳይናሚክ ማይክ ክራር ለምትቀርጽ ሴት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሻጩ ድምፁን በሰከንድ የሚለካበት ብዛት 192 ኪሎኸርትዝ ነው ብሎ ቢያወድስልሽ ልብሽ አይሸፍት። የሰው ጆሮ ቢበዛ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርትዝ ነው፤ ለእሱ 44.1 ወይም 48 ይበቃል። እያንዳንዱ ልኬት 24 ቢት መሆኑን ግን አረጋግጪ። ዩኤም2 16 ቢት ነው፤ ለመለማመጃ ይሆናል፣ ጌይኑን ስታስተካክዪ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቅሻል። በ24 ቢት ከፍተኛው ድምፅሽ ከመጨረሻው ጣሪያ ከዜሮ 12 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ቢገባ ምንም አይጎድልብሽም። ቀይ መብራት እየበራ የተቀረጸ ዘፈን ግን ተበላሽቷል፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ስለዚህ ውድ ዕቃ ከመመኘትሽ በፊት ጌይን ማስተካከልን ተለማመጂ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

ስትዘፍኚ ድምፅሽ በኮምፒውተሩ ዞሮ እስኪመለስ ይዘገያል። በ48 ኪሎኸርትዝ 128 ሳምፕል የሆነ ባፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያቆይበት ማጠራቀሚያ) ብቻውን 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ 512 ከሆነ ከ10 ያልፋል፤ ይህም በመግባትና በመውጣት ይደራረባል። ድምፅሽ ዘግይቶ ሲሰማሽ ምትሽ ይዛነፋል። መፍትሔው ዳይሬክት ሞኒተር የሚባለው ማብሪያ ነው፤ ድምፅሽን ኮምፒውተሩ ዘንድ ሳያደርስ በቀጥታ ለጆሮሽ ይሰጥሻል። ይህ የሌለውን አትግዢ። ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ አምራቹ ለአንቺ ዊንዶውስ የሚሆን፣ መዘግየቱን የሚቀንስ ኤኤስአይኦ ድራይቨር እንዳለው ከመክፈልሽ በፊት አጣሪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ይህን ለግዢው ቀን አታቆዪው።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ ሳይሞክሩ መግዛት ነው ጉዳቱ። ላፕቶፕሽን፣ ማይክሽንና ሄድፎንሽን ይዘሽ ሂጂ። ሁለቱንም ኢንፑት በየተራ ሞክሪ፣ 48 ቮልቱን አብሪ፣ ጌይኑን ቀስ ብለሽ እያዞርሽ የሚንጫጫ እንደሆነ አድምጪ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳው የሚወዛወዝ እንደሆነም ነካ አድርጊው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሚያመጣልሽ ከሆነ የማይኩን ኬብል ጨምሮ እንዲገዛ አደራ በዪው። ቤት ገብተሽ ድምፁ ውስጥ ማጉረምረም ከሰማሽ ዕቃውን ከመውቀስሽ በፊት ቻርጀሩን ነቅለሽ በባትሪ ሞክሪ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከመብራቱ መስመር ነው።

ገንዘብሽንም ሁሉ ሳጥኑ ላይ አትጨርሺ። ማይክ፣ የማይክ ማቆሚያ፣ ድምፅ የማያፈስ ሄድፎንና ኬብል ይቀሩሻል። ከባዶ ግድግዳ ተመልሶ የሚያስተጋባውን ድምፅ የትኛውም ኢንተርፌስ አያጠፋልሽም፤ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ከኋላሽና ከጎንሽ ብትሰቅዪ ግን ያለ ወጪ ይቀንስልሻል። ያለሽ ገንዘብ ካልበቃ ለበለጠ ዕቃ ብለሽ ዕዳ አትግቢ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብሽ። በአንድ ማይክ ጀምሪ፤ መጀመሪያ ክራሩን፣ ቀጥሎ ድምፅሽን ቅረጪ።

አቅምሽ ከፈቀደ ግን ፍርዴ ይህ ነው፦ ሁለት ማይክ የሚቀበል፣ 48 ቮልት፣ 24 ቢት፣ ዳይሬክት ሞኒተርና የሚሠራ ድራይቨር ያለው። እነዚህ አምስቱ ከተሟሉ የስሙ ነገር አያስጨንቅሽ። ገዝተሽ ስታበቂ አዲስ የወጣውን ማሳደድ ትተሽ የጀመርሽውን ዘፈን ጨርሺ፤ ሰው የሚያዳምጠው እሱን ነውና። እግዚአብሔር እጅሽንም ድምፅሽንም ይባርክልሽ።