ቆዳ ላይ የወጣው እብጠት በየት መጣ?

የማህፀን በር ካንሰር መጀመሪያ ጎረቤቶቹን ይይዛል፤ ብልትን፣ ፊኛን፣ ደንዳኔን። ከዚያ በሊምፍ ወደ ዳሌ ንፍፊቶች፣ በደም ወደ ሳንባ፣ ጉበትና አጥንት ይዘልቃል። ቆዳ ላይ ሲወጣ ግን እምብዛም አይታይም፤ ከመቶ ታማሚዎች ሁለት ቢሆኑ ነው። ይህ አልዋጥልህ አለኝ። ደም የማይደርሰው ቆዳ አለ እንዴ?

ሐኪሙ ስቲቨን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 ካንሰርን ከዘር ጋር አመሳስሎ ነበር፤ የትም ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን በተስማማው አፈር ነው። ስለዚህ ቆዳ የማይስማማው አፈር ይሆናል ብዬ ላርፍ ስል እብጠቶቹ የሚወጡበትን ቦታ አየሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከእምብርት በታች ባለው ሆድ፣ በብልት ዙሪያና በጭን ላይ ነው። የሆድ ቆዳ ከክንድ ቆዳ በምን ይሻላል? አፈሩ ያው ነው። እንግዲያስ ነገሩ መንገድ ነው፤ የዳሌው ንፍፊቶች በዕጢ ወይም በጨረር ሲዘጉ ሊምፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሴሎቹን ቆዳ ላይ ይጥላል ይባላል። አሳማኝ ነው። በቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ ሲወጣም ምናልባት መሣሪያው ራሱ አድርሶት ይሆናል። ነገር ግን አናት ላይ የወጣባቸው ሴቶች አሉ። እዚያ ድረስ ያደረሰው ደም ካልሆነ ማን ነው? ደም ከሆነ ደግሞ ጀርባን የሚያህል ሜዳ ትቶ ለምን አናት? የጣልኩትን ፓጄት መልሼ አነሣሁት። አንድ መንገድ ብቻ መፈለጌን ግን ተውኩ።

በሚኒሶታ ሮቼስተር የቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ማዮ ረዳት የነበረችው መነኩሲት ሲስተር ሜሪ ጆሴፍ ስለ መንገዱ አልተጨነቀችም። ለቀዶ ሕክምና ሆድ ስታጥብ እምብርቱ የጠጠረ ታማሚ ውስጡ በካንሰር የተወረረ መሆኑን አስተዋለች። ማዮ በ1928 ጻፈው፤ የቀዶ ሐኪሙ ሐሚልተን ቤይሊ በ1949 ምልክቱን በስሟ ጠራው። የእምብርቱ እብጠት በብዛት የሚመጣው ከጨጓራና ከእንቁልጢ ካንሰር ቢሆንም ከማህፀን በርም ይመጣል።

አሁን የምጠራጠረው «ብርቅ ነው» የሚለውን ቃል ነው። ብርቅነቱ የተቆጠረው ከታማሚዎች ሁሉ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ታክማ የዳነች ሴት ሆዷ ላይ የማያም፣ ጠንካራ፣ ከሳምንት ሳምንት የሚያድግ እብጠት ስታገኝ ቁጥሩ ለእሷ ምን ይነግራታል? ብጉንጅ ነው ብሎ ቅባት ከማዘዝ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቀላል። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ በሽታው ተመልሶ ተሠራጭቷል ማለት ነው፤ ኬሞቴራፒውም ጨረሩም ሕመሙንና ቁስሉን ለማቅለል እንጂ ለመፈወስ እምብዛም አይሰጥም። ይህንንም ቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን እሷ ራሷ ብትሰማው እመርጣለሁ።