ኒውትሪኖና ጭራሮ

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። በዚያው ተራራ ቁልቁለት ደግሞ በምኒልክ ዘመን ከመጣው ባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ጎብጠው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱ እናቶች አሉ። "ይህ ሁሉ ገንዘብ ለኮከብ?" የሚለው ጥያቄ እዚህ ቦታ ላይ ቀልድ አይደለም።

ለቴሌስኮፑ መሟገት ቀላል ነው፤ ሳተላይት፣ ካርታ፣ ግብርና እያሉ መቀጠል ይቻላል። ስለዚህ ከባዱን ምሳሌ ልውሰድ።

ሌፕ ይባል ነበር። ጄኔቫ አጠገብ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር የተቆፈረ 27 ኪሎ ሜትር ክብ ዋሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2000 ኤሌክትሮንን በአንድ አቅጣጫ፣ ፖዚትሮንን በተቃራኒው እየነዳ አራት ቦታ ላይ ያጋጫቸው ነበር። ፖዚትሮን የኤሌክትሮን ግልባጭ ነው፤ ክብደታቸው እኩል፣ ቻርጃቸው ተቃራኒ። ሲገናኙ ሁለቱም ይጠፉና ጉልበታቸው ሌላ ቅንጣት ይሆናል። ዙሪያውን እንደ ሽንኩርት የተደራረቡ መመርመሪያዎች አሉ፤ አንዱ የቅንጣቱን መንገድ ይከተላል፣ ሌላው ጉልበቱን ይለካል።

ኒውትሪኖ ግን ሁሉንም ሰንጥቆ ያልፋል፣ አንዱም አያየውም። ታዲያ ስንት ዓይነት እንዳለ በምን ታወቀ? ዜድ የሚባለው ቅንጣት የሚፈርስባቸው መንገዶች በበዙ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፣ የሚታይበት የጉልበት ክልልም ይሰፋል። ስፋቱን ለኩ፣ የሚታየውን ድርሻ ቀነሱ፣ የተረፈውን አንድ ዓይነት ኒውትሪኖ ሊወስደው ለሚገባው ድርሻ አካፈሉ። 2.984 ወጣ። ሦስት ማለት ነው። እንደ ሦስቱ ከዜድ ጋር የሚነካካ ቀላል አራተኛ የለም። ልኬቱ ከመርቀቁ የተነሳ ጨረቃ መሬትን ስትስብ ክቡ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ መለጠጡ ይታወቃቸው ነበር። ከፈረንሳይ ፈጣን ባቡር የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ እንኳ ቁጥሩን ይረብሽ ነበር። (ሎግ ሲያነብ ያደረ ፕሮግራመር ይህን ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም፤ ቡጉ ባቡር ሆኖ ተገኘ!)

አሁን ጭራሮ የተሸከሙት እናት "ሦስት መሆኑ ለኔ ምን ያደርግልኛል?" ይበሉኝ።

የተለመደው መልስ ዝግጁ ነው፤ ቲም በርነርስ ሊ የድረ ገጽን ሐሳብ ያቀረበው እዚያው ሰርን ውስጥ፣ ሌፕ ሥራ በጀመረበት ዓመት ነው። የኔም እንጀራ ከዚያ ነው። ግን ይህ ማምለጫ ነው። ድሩን ለማግኘት ዋሻ መቆፈር ግዴታ አልነበረም። ዛሬ ለታሰበው 91 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው ቀጣይ ማሽንም እንዲህ ያለ ምርቃት ይመጣል ብሎ የሚምል የለም። በጥቅም ከተሟገትን በጥቅም እንሸነፋለን።

ሐቀኛው መልስ "ለእርስዎ ኑሮ ዛሬ ምንም አያደርግም" ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ ተነስቶ ግን "እንግዲያው አይመለከታቸውም" ማለት ንቀት ይመስለኛል። ድሃ ሰው ስለ ሰማይ አይጠይቅም ያለው ማነው? የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የጨረቃን ዕድሜ በአበቅቴ ሲያሰሉ ሀገሩ ሀብታም አልነበረም። (እሱማ ጾምና በዓል ያወጣል ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ምሳሌዬ ሙሉ አይደለም።)

ለኔ ዋናው ጉዳይ ዕዳው ነው። እኚህ እናት ሳሙና ሲገዙ ታክስ ይከፍላሉ። በእሳቸውም ብር የሚንቀሳቀስ መስታወት ያየውን ነገር በሚሰሙት ቋንቋ ካልነገርናቸው፣ ያኔ ወጪው ቅሚያ ነው። እንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ታትሞ የሚቀር ውጤት እሳቸው ዘንድ አልደረሰም። በዚህ ሚዛን እንጦጦን እደግፋለሁ። ተማሪ ወደ ሰርን መላክንም እደግፋለሁ። የ91 ኪሎ ሜትሩን ዋሻ ወጪ ኢትዮጵያ ትጋራ ቢባል ግን ዛሬ እጄን አላወጣም።

ይህ ሁሉ ክርክር ጭራሮውን በአንድ ኪሎ አያቀልም። እሱን የሚያቀለው ርካሽ መብራትና የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ የሚጠየቅበትም ሌላ ቢሮ ነው። ቴሌስኮፑ ቢሸጥም ሴቶቹ ነገ ጠዋት ተራራውን ይወጣሉ።