ለተራበ ሰው ሁለት ዓይን

«ከፊልም ሁሉ አብልጠህ የምትወደው የቱን ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ግማሹ መልሴን ሳይሰማ የራሱን ይነግረኛል። ወልድያ ውስጥ ቴሌቪዥንና ስልክ እጠግናለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚሞከር ስክሪን ስለማይጠፋ ደንበኛ እሱን እያየ ሲቆም ወሬው ወደ ፊልም ይሄዳል። እኔም አልደብቅም፦ የሙስጠፋ አቃድ «አር-ሪሳላ»፣ የህንዱ «ማዘር ኢንዲያ»፣ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻ «እነዚህን ምን አገናኛቸው?» አለኝ። ለእሱ ለመመለስ የማልወደውን ፊልም ማንሣት ግድ ሆነብኝ። ያ የማልወደው ፊልም ባይኖር ኖሮ ግን እኔም ላልወለድ እችል ነበር።

ነገሩ የፊልም ምርጫ ብቻ አይደለም፤ የሃይማኖት ጥያቄም አለበት። የተቸገረን ሰው ማየት መቼ ጽድቅ፣ መቼ ኃጢአት ይሆናል? ያደግሁት ሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ነው። የአባቴ ወገን ሙስሊም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን ነው፤ ሐብሩ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። ቀኝ እጅህ የሰጠውን ግራህ አይወቅ የሚለውን ትምህርት ከአያቴ ከሙስሊሙም፣ ከእናቴ አባት ከቄሰ ገበዙም ሰምቼዋለሁ፤ በወንጌልም በሐዲስም አለና። ትምህርቱ ግን ለሰጪው የተሰጠ ነው፤ ሰጪው እንዳይታበይ። የተቀባዩን ፊት ማን ይየው፣ ማን አይየው የሚለውን ሁለቱም ሽማግሌዎች አልነገሩኝም። በእነሱ የወጣትነት ዘመን ካሜራ ሐብሩ አልደረሰም ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር ይታወቃል። የፈሩት ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሰውን ጥላ ነው። እንዲህ ብለው የፈሩትን ሰዎች የሚስቅባቸው አለ፤ እኔ አልስቅባቸውም። የሳቱት ነገር ቢኖር ሰይጣኑን የፈለጉበትን ቦታ ነው። ግድግዳው ላይ አልነበረም፤ ካለ ያለው እኛ ወንበር ላይ ነው፣ ቲኬት ቆርጠን የማንጠየቅበትን ሥቃይ ለማየት በተቀመጥንበት።

የአገራችን ሠዓሊዎች ስለዚህ ነገር የሚያውቁት ነበራቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ኃጥኡ በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ ይሰጠዋል። በልጅነቴ የእናቴ አባት ይህን ሲያሳዩኝ የገባኝ ማን ደግ ማን ክፉ እንደሆነ መለየቱ ብቻ ነበር። ዛሬ ሌላም ይገባኛል። ሁለት ዓይን ያለው ሥዕል አንተ ስታየው እሱም ያይሃል። ደግሞም መጋረጃ አለው፤ ጸሎት ሲደርስ ይገለጣል፣ ሲያበቃ ይጋረዳል። ሁልጊዜ ተገልጦ ላገኘው ሁሉ የሚታይ አይደለም።

አሁን በልጅነቴ ፊልም ወዳየሁበት የመርሳ ቪዲዮ ቤት ልመለስ። ጭቃ ቤት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ የተሸፈነ። ፊት ያሉት አግዳሚዎች ለልጆች፣ ኋላ ያሉት ጫት ለያዙ ጎልማሶች። ባለቤቱን ሁላችንም ሀጂ ነበር የምንላቸው፤ ለረመዳን ይዘጉታል፣ ለሁዳዴም ሰው ስለሚቀንስ ካራቴውን ትተው «ቁም ነገር ያለው» ያስመጣሉ። ለመውሊድ «አር-ሪሳላ»ን አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ፊልም ነው፤ አቃድ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ፣ በተለያዩ ተዋንያን፣ ጎን ለጎን ነው የቀረጸው። በእንግሊዝኛው አንቶኒ ክዊን የነቢዩን አጎት ሐምዛን ይጫወታል። ሀጂ ያመጡት ዐረብኛውን ነበር፤ ከቪዲዮ ቤቱ ሰው ዐረብኛ የሚሰማ ሦስት አይሞላም፣ ግን ታሪኩን የማያውቅ አልነበረም።

ፊልሙ የነቢዩ ሙሐመድ ታሪክ ሆኖ ነቢዩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ሊያናግራቸው የሚመጣ ሰው ወደ ካሜራው ዞሮ ያናግራል፣ ዝም ብሎ መልስ ያደምጣል፣ ደስ ብሎት ወይም አዝኖ ይሄዳል። አጠገቤ የነበረ ልጅ «እኛ ነን እንዴ እሳቸው ቦታ የተቀመጥነው?» አለ። አንድ ሽማግሌ «ዝም በል፣ ይልቅ ቀና ብለህ ተቀመጥ» አሉት። ያን ቀን ጫታቸውን ከጉንጫቸው የተፉ ሰዎች አይቻለሁ። ቪዲዮ ቤቱ የሚያየን ሰው እንዳለ ሆኖ አደረ። ደግሞ የእኛው አገር አለበት፤ ቁረይሾች ያሳደዷቸው ሰዎች ባሕር ተሻግረው በንጉሡ በነጃሺ ፊት ይቆማሉ፣ ከመካከላቸው ጃዕፈር ስለ ማርያም የወረደውን ያነባል፣ ንጉሡም አሳልፈው አይሰጧቸውም። በእንግሊዝኛው ነጃሺን የሚጫወተው ኧርል ካሜሮን ነው። ክርስቲያኑ ጎረቤታችን በዚያች ትዕይንት እንዴት እንደኮራ! ንጉሡ ራሱ የሆነ ይመስል ነበር።

የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 ዋሺንግተን ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ሕንፃ ይዘው ሰው ሲያግቱ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ፊልም እንዳይታይ ነበር። በሐብሩ ቪዲዮ ቤት ሰውን ቀና አድርጎ ያስቀመጠ ፊልም እዚያ ጠመንጃ አስነሣ።

«ማዘር ኢንዲያ» የሜህቡብ ኻን ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1957። ናርጊስ የምትጫወታት ራዳ ባሏ ሁለት እጁን አጥቶ ጥሏት የሄደ፣ ማሳዋን ጎርፍ የበላባት፣ ጨቅላዋ የሞተባት ሴት ናት። አራጣ አበዳሪው እህል አለው፤ ዋጋው ግን ገላዋ ነው። ልጆቿ እየራባቸው ወደ ቤቱ ትሄዳለች፤ ደጁ ደርሳ፣ ውስጥ ገብታ፣ እምቢ ብላ ትመለሳለች። በፊልሙ መጨረሻ ሽፍታ የሆነውን የገዛ ልጇን፣ የአበዳሪውን ሴት ልጅ ጠልፎ ሊሄድ ሲል፣ ራሷ ተኩሳ ትጥለዋለች። ጥሩ አደረገች አልልም። ሱቄ ውስጥ በዚህች ተኩስ የተነሣው ክርክር ማለቂያ የለውም፤ አንድ የሼሪዓ ተማሪና አንድ ዲያቆን አንድ ወገን ሆነው ሲቆሙ ያየሁት በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው፣ ሁለቱም «ልክ ናት» ብለው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ፊልሙ የተራበችን ሴት ያሳያል፤ የተራበችው ሴት ግን ታስባለች፣ ትመርጣለች፣ ትሳሳታለች፣ ትፈርዳለች። ሆዷ ባዶ ስለሆነ ኅሊናዋ ባዶ አልሆነም።

ስለ እኛ የተሠራውን ፊልም ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ውስጥ የቀረጸውን ረሀብ ለአገሩ ሰው አሳየ። መንግሥት ሲደብቀው የነበረ እልቂት ነው፤ ዲምብልቢ ባይመጣ ማን ያወጣው ነበር? ዓመት ሳይሞላ ደርግ ያንን ፊልም ወስዶ የቤተ መንግሥቱን ድግስና ግብር፣ ሥጋ የሚበሉ ውሾችን ጨምሮ፣ በመካከሉ እየቆራረጠ ከተተበት። በመስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። የዲምብልቢ ምስል እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱ እውነት ሲቀጣጠል ግን ሦስተኛ ነገር ተናገረ፤ ያን ሦስተኛውን ነገር የተናገረው ገበሬው አይደለም። ፊቱን ተዋሱት እንጂ ቃሉን አልጠየቁትም። ምስሉ ወሎዬ ነበር፣ ተመልካቹ ግን አዲስ አበቤ፤ በዚያ ምሽት እኛ አገር የጁ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍቶ ራሱን ያየ ገበሬ ነበር ብዬ አላምንም።

ያው ደርግ ከአሥር ዓመት በኋላ የአብዮቱን በዓል ሲያደምቅ የራሱን ረሀብ ደበቀ። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ቆረም ላይ የቀረጹት ዓለምን አስለቀሰ። ሐምሌ ላይ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ለረሀቡ ርዳታ ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። ስንዴ መጣ። እናቴ ከዚያ ስንዴ በልታ ነው የተረፈችው፤ እኔ በ1979 ተወለድሁ። የማልወደው ፊልም ይህ የቆረሙ ነው።

አንድ ቀን እናቴ ሱቅ መጥታ ቡና እየጠጣች ሳለ ደንበኛ ያመጣውን ፍላሽ ስሞክር ያ የቆረም ምስል ወጣ። ላጠፋው ስል «ተው፣ ተወው» አለችኝ። አላለቀሰችም። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ብርድ የወረሰው የማለዳ ሜዳ፣ ጭስ፣ የተኮራመቱ ሰዎች። «አቁምልኝ» አለች። አቆምሁት። ጎንበስ ብላ የአንዱን ወጣት ጆሮ፣ ከዚያ የጋቢውን ጥለት አየች። «አይደለም። ቀጥል።» ትንሽ ቆይታ እንደገና «አቁም»። በዚያ ዓመት ወደ ሰሜን እህል ፍለጋ የሄደ ወንድም ነበራት። ምስሉ ሲያልቅ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሰውዬው ይህን ሁሉ ሲያወራ የአንዱንም ስም አልጠራ?»

እኛ ረሀብን ስናይ እሷ ሰው ትፈልግ ነበር።

አንድ መምህር ጓደኛዬ በዚህ ይከራከረኛል። «ፊልሙ ባይኖር እናትህ የለችም፤ ስም መጠየቅ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው» ይለኛል። ሙግቱ ከባድ ነው፤ አላቃልለውም። የምመልሰው፣ ምስጋናና ፍቅር ለየቅል ናቸው ብዬ ነው። ከወንዝ ጎትቶ ያወጣኝን ሰው ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ፤ ራቁቴን ሲጎትተኝ የተነሣውን ፎቶ ሳሎኔ ስቀለው ቢለኝ ግን አልሰቅለውም። ደግሞም ስም መጠየቅ ስንዴውን አያዘገየውም ነበር። የመቀሌዋ ብርሃን ወልዱ በዚያው ጊዜ የካናዳ ቴሌቪዥን ሊሞት የቀረበ ሕፃን አድርጎ ያሳያት ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 አድጋ፣ በስሟ ተጠርታ ለንደን ኮንሰርት መድረክ ላይ ቆማ ሕዝቡን አየችው። የዚያን ዕለት ሁለተኛ ዓይኗን አገኘች እላለሁ፤ ሌሎቹ ግን እስካሁን በጎን ተሥለው ቀርተዋል፣ ያለ አንዳች ኃጢአታቸው።

ኃይሌ ገሪማን ከሁሉ በላይ የማስቀምጠው ለዚህ ነው። «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን የቀረጸው ያው ንጉሡ በወረዱበት ዘመን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ ያዛጋል የሚል አለ፤ ልክ ነው፣ ያዛጋል። እርሻም ያዛጋል። ባላባቱ ከተቀመጠበት ሲጮህ፣ ገበሬው ሲያርስ፣ ካሜራው አይቸኩልም። መሬቱን ተነጥቆ ሰው እንደ ዕብድ የሚያየው ከበበ ግን ዝም አይልም፤ ይናገራል፣ ይሳደባል፣ ይጠይቃል። ደርግ ያልጠየቀውን ቃል ከበበ አፍ ውስጥ አገኘሁት። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ሲደርስ ደስ ብሎኛል፤ እናቱን በድርቅ ያጣ ልጅ ስለ በጉ የራሱን ብልሃት ሲያወጣ ያሳያልና። ልቤ ግን ከከበበ ጋር ነው።

አሁን ካሜራው በእያንዳንዳችን ኪስ ነው። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ወልድያንና መርሳን ሲይዝ የተቀረጸውን፣ ስልክ ሊያሠሩ የሚመጡ ሰዎች ሚሞሪው ውስጥ ተሸክመውት ይዞራሉ። «ስልኩ ቢቀር ይቅር፣ ቪዲዮው እንዳይጠፋብኝ» ይሉኛል። ስሠራ አላይም፤ ይህ የሙያዬ መጋረጃ ነው። ግን ስመልስላቸው አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፣ እናንተንም የምለምነው እሱኑ ነው። በሐብሩ፣ በጉባ ላፍቶ፣ በቆቦ የ66ቱንና የ77ቱን ዘመን ያለፉ እናቶችና አባቶች ገና በሕይወት አሉ። ሄዳችሁ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ቅረጿቸው፤ ምን እንደ ወሰኑ፣ ማንን ትተው ማንን ይዘው እንደሄዱ ይናገሩ። እምቢ ካሉም ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። በፋይሉ ላይ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስምና ቀበሌያቸውን ጻፉ። ፋይል መሰየም የማይችል ካለ ሱቄ ይምጣ፣ በነፃ አሳየዋለሁ።