መጨረሻ የነካው ማነው?

ጥፋት ሲደርስ ጥፋተኛ መፈለግ የሰው ልጅ የቆየ ልማድ ነው። ፍለጋው ከየት እንደሚጀምር ግን እምብዛም አንጠይቅም። ከተበላሸው ነገር ነው የምንነሣው ወይስ መልስ ሊሰጠን አቅም ከሌለው ሰው? ይህን ጥያቄ ከፍልስፍና መጽሐፍ አግኝተነው ቢሆን ለእኛም ክብር ነበር። ያገኘነው ግን ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ዳገት ላይ ከቆመ አሮጌ የጭነት መኪና አጠገብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ሰባት ተማሪዎች ሆነን፣ ለአንድ የጎጃም ትምህርት ቤት የሰበሰብናቸውን መጻሕፍት ጭነን ከአዲስ አበባ ወጣን። የተገኘልን መኪና ቤድፎርድ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ የቤንዚን፣ ባለ ካርቡሬተር። ሞዴሉ እንግሊዝ አገር መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ የእኛው መኪና በየትኛውም ዓመት ይወለድ፣ ከሁላችንም ታላቅ ነበር። ከጉዞው በፊት ባለቤቱ ጋራዥ አስገብቶ ካርቡሬተሩን አስጠርጎታል። የጋራዡ ጌታም «መንገድ ላይ ቢያስቸግራችሁ» ብሎ አንድ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ አብሮን ሰደደ። የልጁን የቀን አበል እኛ ልንከፍል ተስማማን።

ጠዋት የእንጦጦን ዳገት ያለ ምንም ችግር ወጣን። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ቤንዚን ተቀዳ። ከዚያ እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን ድልድይ ተሻግረን ሽቅብ ማለት ስንጀምር ግን መኪናው ያቃስት ጀመር። ሹፌሩ ማርሽ ቀነሰ፤ ነዳጅ ረገጠ። ሞተሩ በመበርታት ፈንታ እየተንገጫገጨ፣ በካርቡሬተሩ በኩል ጧ ጧ እያለ ደከመና ጠፋ። አሥር ደቂቃ አርፈን ብናስነሣው እንዳልታመመ ሆኖ ተነሣ። በሚኒሞ ሲሠራ ድምፁ የልብስ ስፌት መኪና ነው የሚመስለው። ዳገቱን ትንሽ እንደወጣ ግን ያው ሆነ።

ወዲያው ፍርድ ቤት ተቀመጥን። ተከሳሹም አጠገባችን ነበረ።

«ካርቡሬተሩን ማን ነው የጠረገው?» አልነው ልጁን።

«እኔ ነኝ ጋሼ፤ ደህና አድርጌ ነው የጠረግሁት።»

ይህ አነጋገሩ የጥፋተኛ ድፍረት መሰለን። ሦስት ጊዜ አስፈታነው። ያ ፀሐይ፣ ያ የጋለ ብረት! በሦስተኛው ጊዜ ጣቱ ተቃጥሎ ይጠባው ነበር። ልጁ አንድ ነገር ነግሮን ነበር፦ «ሲደክም ቾኩን ስስበው ትንሽ ይሻለዋል፤ እንግዲህ ቤንዚን እየደረሰው አይደለም። ፊልትሮውንና ፓምፑን ልይ» አለ። ትክክል ነው። ቾክ የአየሩን በር ስለሚያጠብ፣ በዚያ የሚሻለው ሞተር ቤንዚን ያነሰው ሞተር ነው። ካንዴላዎቹ ተፈትተው ሲታዩም ጫፋቸው ነጣ ብሏል፤ ይህም የቤንዚን ማነስ ምልክት ነው። እኛ ግን «ቤንዚን ካልደረሰውማ ቀዳዳውን የደፈንከው አንተ ነሃ!» አልነው። ማስረጃውን ከእጁ ተቀብለን መልሰን በእሱው ላይ ወረወርነው።

ከመካከላችን የምህንድስና ተማሪ የሆነው ደግሞ ለክሱ ሳይንስ ጨመረበት። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በረሃው ግርጌ ግን ወደ ዘጠኝ አሥረኛው ይጠጋል። ስለዚህ በቀጭን አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር ወፍራም አየር ሲያገኝ የቤንዚኑ ድርሻ ያንሳል አለን። ሐሳቡ እውነት ነው። ግን መኪናን በዳገት የሚያቆም ልዩነት አይደለም። እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አለመሆኑን እዚያ ቆመን አላሰብነውም። ዕውቀታችን ለምርመራ ሳይሆን ለፍርዳችን ማሳመሪያ ዋለ።

ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ ያስተማረን ዘዴ አለ፦ ነገሩ የሆነበትንና ያልሆነበትን ሁኔታ አስተያዩ፤ ሌላው ሁሉ አንድ ሆኖ ልዩነቱ አንድ ነገር ብቻ ከሆነ ምክንያቱን እዚያ ፈልጉ ይላል። ለፈተና ሸምድደነዋል። ይኸው መኪና፣ ይኸው ጭነት፣ ይኸው የተጠረገ ካርቡሬተር ጠዋት እንጦጦን ወጥቷል። ከእንጦጦ እስከ ዓባይ ምን ተለወጠ? ብለን የጠየቀን የለም፤ እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

ልጁ በመጨረሻ ካቻቢቴውን ጠርጎ ከቦርሳው ከተተና ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪና ለምኖ ተሳፈረ። አበሉን አልሰጠነውም። እሱም አልጠየቀን።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ሹፌር መኪናቸውን አቁመው ወረዱ።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ?»

«ካርቡሬተሩን አበላሽተውብን ነው ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅኋችሁም። መኪናው ምን ያደርጋል?»

ነገርናቸው። በሚኒሞ ደህና ነው፤ ጭነት ሲይዝ ይጠፋል፤ ቆይቶ ይነሣል።

«መጨረሻ የነካችሁት ምንድን ነው?»

«ትናንት ጋራዥ ካርቡሬተሩን ...»

«እናንተ ነው ያልኳችሁ።»

ዝም አልን። እሳቸው በመኪናው ዙሪያ ሄዱና ከቤንዚን መክደኛው ሥር የወጣች የላስቲክ ጫፍ አዩ። መክደኛውን ሲያላሉት ፍስስስ አለ፤ ጋኑ አየር ሳበ። ላስቲኩን አውጥተው በእጃችን አስጨበጡንና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ላስቲኩ የእኛ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ቤንዚን ሲቀዳ የመክደኛው ጎማ ስላለቀ ሽታው አስቸገረንና፣ ከመካከላችን አንዱ ላስቲክ አጥፎ በአፉ ላይ አድርጎ መክደኛውን አጠበቀው። እንዲህ ያለው መክደኛ ትንሽ መተንፈሻ አለው፤ ቤንዚን ከጋኑ በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር የሚገባው በዚያ ነው። እሱ ሲደፈን ጋኑ ውስጥ ባዶነት እያየለ ይሄድና ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ፓምፑ ይሸነፋል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ ሾልኮ የሚገባው አየር ይበቃዋል። ቁልቁለትም እንዲሁ። ዳገት ላይ ግን ብዙ ይጠይቃል፤ የተከለከለውም ያን ጊዜ ይታወቃል። ቆመን ስንጠብቅ ደግሞ አየር ቀስ ብሎ ስለሚገባ በሽታው የዳነ ይመስላል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚባለውን እያወቅን፣ እኛ ሥሩን ትተን ከላይ የሚታየውን ስንፈታና ስንገጥም ዋልን።

እስከ ደጀን ድረስ ማንም አላወራም። መኪናው ግን ዳገቱን እያጓራ ወጣ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የተሳሳትነው ስለ ሞተር ባለማወቃችን ቢሆን ኖሮ ነውሩ ቀላል ነበር፤ ያልተማረ ይማራል። ግን «መጨረሻ የነካው ማነው?» የሚለው ጥያቄ በሁላችንም አፍ ውስጥ ነበር፤ መልስ ስንፈልግለት ሳናስበው ራሳችንን ዘለልን። የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ። ለምን ልጁን? ምክንያቱም እጁ ግራሶ ስለነካው፣ ጫማው ስለተቀደደ፣ ጋሼ እያለ ስለሚያናግረን። ስለ ጭቁኖች በዚሁ ግቢ ስንት ማታ አምሽተን ተከራክረናል! ያ ሁሉ ክርክር ግን ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ የተደረገ ነው። ጭነት አልነበረበትም። ሰውም እንደ መኪና በሜዳ ድምፁ ሊያምር ይችላል፤ ምን እንደጎደለው የሚታየው ዳገት ላይ ነው።

ሌላም አለ። ላስቲኩን ያደረገው ከሰባታችን አንዱ ነው። እሱም ያውቃል፤ ሁለት ወይም ሦስታችን ደግሞ አይተናል። ከሽማግሌው በኋላ ግን «ተሳሳትን» ነው ያልነው እንጂ «ተሳሳትኩ» ያለ አልነበረም። ግለ ሂስ የሚባለውን ቃል ከትልልቆቻችን ወርሰነዋል፤ ቃሉ ሲወረስ «ግል» የምትለዋ ግን መንገድ ላይ የወደቀች ይመስላል። «እኛ» ሰፊ ቃል ነው፤ ሲያስፈልግ ያስተባብራል፣ ሲያስፈልግ ደግሞ ይደብቃል። ልጁ ግን ሲጠየቅ «እኔ ነኝ» ብሎ ነበር።

ከጎጃም እንደተመለስን ወደ ጋራዡ ሄድን። ልጁ ከአንድ መኪና ሥር ወጣ። አበሉን፣ ጥቂትም ጨምረን ሰጠነው። ብሩን ሳይቆጥር ኪሱ ከተተ።

«ካርቡሬተሩ ግን ደህና ነበር አይደል?» አለን።

«ደህና ነበር።»

«እሱን ለጌታዬ ንገሩልኝ።»

ለካ የቀደመን ወሬ ነበር። ከሹፌሩ ሰምቶ የጋራዡ ጌታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርቡሬተር አላስነካውም። ሰባታችንም ገባን። በሩ ላይ ትንሽ ተገፋፋን፤ ከዚያ አንዳችን ወደ ፊት ወጣና «ጋኑን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አለ።