የአንበጣ ባሕርይና ማይክሮ አርኤንኤ

ኦሪትም ቁርኣንም በፈርዖን ላይ ከወረዱት መቅሠፍቶች አንዱ አድርገው የሚጠቅሱት፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሰንበቴና ከሚሴ በሚገኙበት በምሥራቅ አማራ ሰብል ያወደመው የበረሃ አንበጣ፣ ለብቻው ሲኖር በአዝመራ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት የማያደርስ መሆኑ፣ ክፋት የፍጡር ባሕርይ ነውን የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል። የብቸኛውና የመንጋው አንበጣ ጂኖች አንድ ናቸው፤ የሚለያየው የትኛው ጂን መቼና ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ ማይክሮ አርኤንኤ፣ ማለትም የጂንን ትእዛዝ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው በሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ ላይ ተጣብቆ ትእዛዙ እንዳይፈጸም የሚገታ፣ 22 ያህል ፊደላት ብቻ ያሉት ቁራጭ ነው። የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በሌላ የአንበጣ ዝርያ ላይ እንዳሳዩት፣ መጨናነቅ ማይክሮ አርኤንኤ 133 የተባለውን ሲቀንሰው፣ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ይጨምራል፣ አንበጣውም ወደ መንጋ ያዘነብላል፤ ይህን ቁራጭ መልሰው ሲጨምሩለት ደግሞ ወደ ብቸኝነት ጠባይ ይመለሳል። እንግዲህ አንበጣን በተፈጥሮው ክፉ ብሎ መፈረጅ ስሕተት ነው።