ዝምታ ሁሉ መታዘዝ አይደለም

ሰው በፍጥረት ላይ ሥልጣን እንደ ተሰጠው ሁላችን እናምናለን፤ ነገር ግን መግዛትና ማስፈራራት አንድ እንዳይደሉ አስተውሎ የሚመረምር ጥቂት ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በዓለም ሁሉ የተመሰገነ የአንድ ውሻ አሠልጣኝ ነገር ነው።

ይህ ሰው ሴዛር ሚላን ይባላል፤ በሜክሲኮ ተወልዶ በአሜሪካ ዝነኛ የሆነ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2012 ድረስ በናሽናል ጂኦግራፊክ ቴሌቪዥን ቁጡ ውሾችን ሲገራ ይታይ ነበር። ትምህርቱም፥ ባለቤት ለውሻው የመንጋ አለቃ ሊሆንለት ይገባል የሚል ነው። ስለዚህ ገመዱን በድንገት ይስባል፥ ጎኑን በጣቶቹ ወጋ ያደርገዋል፥ እንቢ ያለውንም በጎኑ አስተኝቶ ይጫነዋል። ውሻው ዝም ሲል ተመልካች ይደነቃል፤ ብዙ ጋዜጦችም አመሰገኑት። ሆኖም ያው ትርዒት ተመልካቹ ባለሙያ ሳይጠይቅ ይህን በቤቱ እንዳይሞክር በጽሑፍ ያስጠነቅቅ ነበር። ለቤት የማይሆን ትምህርት ስለ ምን በየቤቱ ይሰበካል?

በ2006 አሜሪካን ሂዩማን አሶሲዬሽን የተባለው ለእንስሳት የሚቆረቆር ማኅበር ትርዒቱ እንዲቆም ጠየቀ። ከተኵላ የተወሰደው የአለቅነት ምሳሌም ጸንቶ አልቆመም። ዴቪድ ሜች የተባለ ሊቅ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ አስፋፍቶ ነበር፤ በ1999 ግን በዱር ያለ የተኵላ መንጋ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋራ የሚኖሩበት ቤተ ሰብ መሆኑን ጽፎ የቀድሞውን አረመ። የራሱን ቃል ማረም የሊቅ ክብር ነው።

ለአሠልጣኙ የሚከራከሩለት፥ ሊገደሉ የነበሩ ውሾችን አድኗል ይላሉ። ማዳንስ መልካም ነው፤ ጥያቄዬ ግን ዝም ያለው ውሻ ተማረ ወይስ ፈራ የሚል ነው።

ይህን የምጠይቀው ራሴ በዳይ ስለ ነበርሁ ነው። የቅኔ ተማሪ ሳለሁ፥ እንደ ተማሪ ወግ፥ አኩፋዳ በትከሻዬ በትር በእጄ ይዤ በየደጁ እለምን ነበር። በአንድ ደጅ የሚያጕረመርም ውሻ ነበረ፤ ባጕረመረመ ቍጥር እመታዋለሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዝም አለ፤ እኔም ገራሁት ብዬ ለባልንጀሮቼ ተመካሁ። አንድ ቀን ድምፅ ሳያሰማ ከኋላዬ መጥቶ ባቴን ነከሰኝ። ያን ጊዜ ያጠፋሁት ቍጣውን ሳይሆን ማስጠንቀቂያውን እንደ ነበረ ገባኝ።

አሁን በምኖርበት በአማን አካባቢ ያለ ብልህ ገበሬ ይህን ያውቃል። በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቅለትን ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ እያበላ ከማሳው ያውለዋል፤ በፍርሃት አፉን የዘጋ ውሻ ለማሳ ምን ይረባል?

በለዓምም አህያይቱን ሦስት ጊዜ መታት፤ እርስዋ ግን እርሱ ያላየውን መልአክ አይታ ነበር። ለእርሱ እንቢታ የመሰለው ለእርስዋ ማስተዋል ነበረ። እግዚአብሔር ለእንስሳይቱ አፍ ከፈተላት፤ እኛ ግን የተከፈተውን አፍ እንዘጋለን፥ ስለ መዝጋታችንም እንመሰገናለን።

እንግዲህ በውሻው ነገር ራሳችንን እንመርምር። ልጅ በአባቱ ፊት፥ ደቀ መዝሙር በመምህሩ ፊት፥ ምእመን በካህኑ ፊት ዝም ሲል፥ ታዘዘልን ብለን ደስ ከመሰኘታችን አስቀድሞ፥ ዘወር ስንል ምን እንደሚያደርግ እንጠይቅ። ፍቅር ያስተማረው ብቻውን ሳለም ቤቱን ይጠብቃል፤ ፍርሃት ያስተማረው ግን በትሩ ከእጃችን የሚወድቅበትን ቀን ይጠብቃል።