የመሠረቱ ጽሑፍ ለማን ነው?

በጥር 1858 ዓ.ም. አንድ የሞሱል ተወላጅ በአገው ምድር በኩል አልፎ ዳሞት ወደ ሰፈረው የአፄ ቴዎድሮስ ጦር ደረሰ። ስሙ ሆርሙዝድ ራሳም ይባላል። የንግሥት ቪክቶሪያን ደብዳቤ ይዞ እስረኞች ሊያስፈታ መጥቶ ራሱ ታሰረ። ከመቅደላ የወጣው የእንግሊዝ ጦር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከአምባው ሥር ሲደርስ ነው። እኛ አገር ራሳም ሲነሣ የሚነሣው በዚህ ታሪክ ነው። እሱ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ዋና ሥራው የጥንት ፍርስራሽ መቆፈር ነበር። በወጣትነቱ ነነዌ ላይ የአሦሩን ንጉሥ የአሹርባኒፓልን ቤተ መንግሥትና የሸክላ መጻሕፍቱን ክምችት አግኝቷል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ከመቅደላ በኋላ ያገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ከባግዳድ በስተደቡብ ምዕራብ፣ አቡ ሀባ በተባለ የአፈር ጉብታ ላይ ሠራተኞች አሰማርቶ የጥንቷን የሲፓርን ቤተ መቅደስ ገለጠ። ቤቱ ሻማሽ ለሚሉት የፀሐይ አምላክ የተሠራ ነበር። ከተገኙት መካከል በርሜል የመሰሉ፣ ዙሪያቸውን በሽብልቅ ጽሕፈት የተሞሉ ሸክላዎች አሉ። በአንዱ ላይ የሚናገረው ናቦኒደስ ነው፤ በትንቢተ ዳንኤል ግብዣው የሚታወቀው የብልጣሶር ወላጅ አባት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ556 እስከ 539 የገዛው የባቢሎን የመጨረሻ ንጉሥ።

ናቦኒደስ የሚነግረን እንዲህ ነው። ከእሱ በፊት ናቡከደነፆር ይህንኑ ቤት ሊያድስ የጥንቱን መሠረት ፈልጎ አጣው፤ አጥቶም ዝም ብሎ ሠራው። 45 ዓመት ሳይቆይ ግድግዳው ዘመመ። ናቦኒደስ በተራው ሲነሣ በመጀመሪያ አምላኩን ከውስጥ አውጥቶ በሌላ ቤት አስቀመጠ። ከዚያ ቤቱን አፍርሶ 18 ክንድ ቆፈረ፤ የጥንቱ ንጉሥ ናራም ሲን የጣለውን መሠረት አገኘ። አዲሱን ጡብ በዚያ ላይ ደረደረ፤ አንዲት ጣት ወደ ውስጥም፣ አንዲት ጣት ወደ ውጭም ሳያሳልፍ። በጉድጓዱ ውስጥ የናራም ሲንን ጽሑፍ ሲያገኝ ዘይት ቀባው፤ መሥዋዕት አቀረበ፤ ከራሱ ጽሑፍ ጋር አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። በመጨረሻም አንድ ልመና ጨመረ፤ ወደፊት ይህ ቤት ሲያረጅ የሚያድሰው ንጉሥ ማንም ይሁን ማን፣ ስሜን ሲያገኝ አይፋቀው፣ ዘይት ይቀባው፣ ከስሙ ጋር ያኑረው ይላል።

የአዊ ሰው ይህን ሲሰማ አንድ ነገር ቶሎ ይታወቀዋል። በባንጃ ወይም በዳንግላ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲያረጅ መጀመሪያ የሚሠራው መቃኞ ነው። ታቦቱ በመቃኞ ይቆያል፤ አሮጌው ቤት ይፈርሳል፤ አዲሱ ሲያልቅ ቅዳሴ ቤቱ ይከበርና ታቦቱ ይገባል። የሲፓር ሰዎችም ዋናውን ነገር ሳያወጡ ቤቱን አልነኩም። ከ2500 ዓመት በላይ በሚራራቁ፣ በማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች ዘንድ አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ማየት ይገርማል። ሁለቱም ቤቱ ሊፈርስ እንደሚችል፣ የሚያድርበት ግን አብሮ እንደማይፈርስ ያምናሉ።

ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል፤ የያዝኩት ጥያቄም የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው። ሁሉ ነገሩ የተለወጠ ቤት ያው ቤት ነው የሚያሰኘው ምንድን ነው? ለናቦኒደስ መልሱ መሬቱ ነው፤ ጣት የማታህል ስሕተት ቤቱን ሌላ ቤት ታደርገዋለች። ለእኛ መልሱ ታቦቱ ነው። ታቦቱ ከገባ ቤቱ ሃምሳ እርምጃ ወዲህ ቢሠራ፣ ክቡ አራት ማዕዘን ቢሆን፣ ደብሩ ያው ደብር ነው፤ በዓሉም በቀኑ ይውላል። በአክሱም ጽዮን ማርያም ጥንታዊው ቤት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ከጠፋ በኋላ አፄ ፋሲል ሌላ ሠሩ፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ሦስተኛው ከጎኑ ተነሣ። የቤቱ መልክ በየጊዜው ሌላ ነው፤ ጽዮንነቷ ግን ለማንም ጥያቄ ሆኖ አያውቅም።

ልዩነቱ በምድር ላይም ይታያል። በደቡብ ኢራቅ፣ ኤሪዱ በምትባለው ቦታ፣ ፉአድ ሳፋርና ሴቶን ሎይድ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1949 ሲቆፍሩ ከአንድ ትልቅ የጡብ ግንብ ሥር እርስ በእርስ የተደራረቡ ከደርዘን በላይ ቤተ መቅደሶች አገኙ። ከታች ያለው ጥንታዊው ወርዱ ሦስት ሜትር የማይሞላ አንድ ትንሽ ክፍል ነበር። እያንዳንዱ ትውልድ የአባቱን ቤት አፍርሶ፣ ደልድሎ፣ በላዩ ሠራ፤ ጉብታው እንዲህ አደገ። በእኛ ወገን ጉብታ የለም። የእንጅባራ ዙሪያ ቤተ ክርስቲያን ከጽድና ከባሕር ዛፍ፣ ከቀርከሃና ከጭቃ ይሠራል፤ ድሮ በሰንበሌጥ ይከደን ነበር፤ የክረምት ዝናብ ደግሞ የፈረሰ ግድግዳ ለሁለት ዓመት አያቆይም። አንድ አርኪዮሎጂስት መጥቶ ቢቆፍር ከምሰሶ ጉድጓድ ሌላ ብዙ አያገኝም። ስለዚህ የቀደመው ቤት የሚኖረው በሥርዓቱ ውስጥ ነው፤ በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ አከፋፈል፣ በዓመቱ ክብረ በዓል። የአዊ የፈረሰኞች ማኅበርም የአድዋን ፈረሶች የሚዘክረው በሐውልት አይደለም፤ ጥር 23 በመጣ ቁጥር ፈረስ እየሸለመ ነው። ዝክሩ በየዓመቱ አዲስ ይሠራል።

ይህ የእኛ መንገድ ጥንካሬም ድክመትም አለው። ጥንካሬው እንጨት ቢበሰብስ፣ ቤት ቢቃጠል የማይነካ መሆኑ ነው። ድክመቱ ሰዎቹን መርሳቱ ነው። ደብሩን ማን ተከለ ቢባል የአንድ ንጉሥ ወይም የአንድ ባላባት ስም ይጠራል፤ በመካከል ቤቱን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ያነሡት ግን ማንም አያስታውሳቸውም። ላሊበላን እናስብ። የአዊ አባቶች መነሻችን ላስታ ነው ይላሉ፤ የዛግዌ ነገሥታትም አገው ናቸውና ነገሩ ለእኛ የቤት ነገር ነው። ትውፊቱ አሥራ አንዱንም አብያተ ክርስቲያናት ለአንድ ንጉሥ ይሰጣል። ዴቪድ ፊሊፕሰንን የመሰሉ አርኪዮሎጂስቶች ግን ሥራው በደረጃ፣ በብዙ ዘመን የተፈጸመ መሆኑን ከዓለቱ አንብበዋል። ዛሬ ከመሬት ከፍ ብሎ ወደ ምንም የማያወጣ በር ሲታይ፣ አንድ ጊዜ ግቢው እስከዚያ ድረስ ከፍ ያለ እንደነበረ ይመሰክራል። ዓለት ሲፈለፈል እንደ ጡብ አይደራረብም፤ ኋለኛው ጠራቢ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የፊተኛውን ሥራ ይቆርጠዋል። ይህን ማወቅ የንጉሥ ላሊበላን ክብር የሚቀንስ አይመስለኝም። ስማቸው ያልተጻፈውን ብዙ ጠራቢዎች ግን ወደ ቤቱ ይመልሳቸዋል።

ናቦኒደስን የማደንቀው ለዚህ ነው። የእሱ ጽሑፍ ሁለት ነገር ያምናል፤ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ነበረ፣ ከእኔ በኋላ ደግሞ ቤቴ ይፈርሳል። ዛሬ የመሠረት ድንጋይ ስናኖር ስሙን በእብነ በረድ ቀርጸን ግድግዳ ላይ፣ መንገደኛ በሚያይበት እንሰቅለዋለን። የመስጴጦምያ ንጉሥ ግን ጽሑፉን ከጡብ ውስጥ ቀበረው፤ ቤቱ እስካለ ድረስ ማንም አያነበውም። አንባቢው ቤቱ ሲወድቅ ሊያነሣው የሚመጣው ሰው ብቻ ነው። ሥራው እንደሚፈርስ አውቆ ለሚያድሰው የሚጽፍ ገዢ ስንት አለ?

እርግጥ ነገሩን በዚህ ብቻ መተው አይቻልም። ናቦኒደስ ከንጉሥ ዘር የተወለደ ሰው አልነበረም፤ የናራም ሲንን ስም ከስሙ አጠገብ ማኖር ዙፋኑን ያጸናለት ነበር። ስሌቱም ተሳስቷል። መሠረቱን 3200 ዓመት ማንም አላየውም ይላል፤ ዛሬ የሚታወቀው ርቀት 1700 ዓመት ገደማ ነው። ናራም ሲንን የንጉሥ ሳርጎን ልጅ ይለዋል፤ የልጅ ልጁ ነው። ጉድጓዱን የቆፈሩትን፣ ጡቡን የጋገሩትን አንድም አልጠራም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ልማዱ ከሰውየው ይበልጥ ነበር። ክብር ፈልጎ የመጣ ገዢ እንኳ የቀደመውን ስም አግኝቶ ሊያጠፋው አልተፈቀደለትም፤ ዘይት ይዞ ጎንበስ ማለት ነበረበት። ገዢዎች ሁሉ ትሑት ይሁኑ ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ ትዕቢተኛውንም የሚያስጎነብስ ልማድ መትከል ግን ይቻላል፤ እነዚያ ሰዎች ተክለውት ነበር።

ጽሑፉን ያነሣው ግን ቤቱን ሊያድስ የመጣ ንጉሥ አልሆነም፤ ራሳም ሆነ። ዘይት አልቀባውም፤ ወደ ቦታውም አልመለሰውም፤ ጠቅልሎ ለንደን ላከው። ለሌላ የተጻፈ ደብዳቤ ከፍቶ ያነበበ ሰው ምን ዕዳ አለበት? የአርኪዮሎጂስትን ሥራ አከብራለሁ። ያለ እሱ ናቦኒደስን የሚሰማው አይኖርም ነበር፤ የታችኛውን ለማየት የላይኛውን ማፍረስ የግድ ስለሆነም፣ ጥሩ ቆፋሪ የሚያፈርሰውን ሁሉ እየለካና እየሣለ ያፈርሳል። በራሳም ዘመን ይህ ጥንቃቄ ገና አልጠናም ነበር፤ ከብዙዎቹ ግኝቶች ጋር የተገኙበት ቦታ ዝርዝር ጠፍቷል። ማንበብ ራሱ አንድ ዓይነት ማደስ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ጽሑፉ የለመነው እንዲነበብ ብቻ አልነበረም፤ እንዲመለስ ጭምር ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ ያልሆነበት ምክንያት አለ። የናቦኒደስ ሸክላ ባለበት በዚያው በብሪቲሽ ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታት ይገኛሉ፤ ራሳም ነፃ በወጣበት ዘመቻ ከመቅደላ የተዘረፉ በመካከላቸው አሉ። ሙዚየሙ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ ከሠራተኞች ዓይን እንኳ ተሰውረው በተለየ ክፍል ይጠበቃሉ። አንዱ በትክክለኛው ሰው እንዲነበብ ተቀብሮ በሌላ እጅ ወጣ፤ ሌላው ለካህን ካልሆነ ለማንም እንዳይታይ ተቀድሶ ሳለ በወታደር እጅ ተነካ። ሸክላው ቢያንስ ሲነበብ ከፊል ፈቃዱ ይፈጸምለታል። ታቦት ግን በሙዚየም ክፍል ውስጥ ምንም አይፈጸምለትም፤ መግባት የሚገባው ቤት አለና። የሲፓር ቤት ዛሬ ምዕመን የለውም፤ የታቦቶቻችን ባለቤቶች ግን በየደብሩ እያስቀደሱ ነው። ሁለቱን በአንድ የሕግ አንቀጽ፣ የሙዚየሙ ሀብት አይወጣም በሚለው እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው ሕግ፣ እኩል መያዝ ፍትሕ አይመስለኝም።

ጥያቄው ግን ለንደን ላይ አያልቅም፤ እኛም ዘንድ በየዓመቱ ይነሣል። በአዊ አሮጌ ክብ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ ሲተካ አያለሁ። ማደሱን አልቃወምም፤ ምስጥ የበላው ምሰሶ ሥር ሕዝብ ማስቀደስ የለበትም። የሚቆጨኝ አሮጌው ምንም ሳይጻፍለት መሄዱ ነው። ወጋግራው ከየትኛው ጫካ እንደመጣ፣ ሰንበሌጡ በቆርቆሮ የተተካው መቼ እንደሆነ፣ መቅደሱ ስንት ክንድ እንደነበረ፣ ማን እንደሣለው፣ ለምን እንደፈረሰ የሚናገር አንድ ገጽ አይቀርም። አባቶቻችን ለዚህ ሥራ ባዶ አልነበሩም። የርስት ስጦታውንና የሰጪውን ስም በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉ ነበር፤ ለሚመጣው ትውልድ የተላከ ቃል ማለት ነው።

ለሰበካ ጉባኤዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። አሮጌው ከመፍረሱ በፊት ይለካ፣ ፎቶ ይነሣ፣ የሚያስታውሱ አረጋውያን ይጠየቁ፤ ቃሉ በደብሩ መጽሐፍ ይጻፍ፣ ቅጂው ለሀገረ ስብከቱ ይላክ፣ አንዱ ደግሞ ከአዲሱ መሠረት ሥር ይቀበር። ወረቀት በእንጅባራ እርጥበት አይበረክትም። የተተኮሰ ሸክላ ግን 2500 ዓመት እንደሚቆይ ሲፓር አሳይቶናል፤ ሸክላ ሠሪዎችም በአካባቢያችን ገበያዎች ሞልተዋል። በዚያ ሸክላ ላይ የመሠረት ድንጋይ ያኖሩት ሊቀ ጳጳስና የቆርቆሮውን ዋጋ የሰጠው ባለጸጋ መጻፋቸው አይቀርም። ከእነሱ ሥር ድንጋይ የተሸከሙት፣ ጭቃ ያቦኩት፣ ማገር ያሰሩት በየስማቸው ይጻፉ፤ የፈረሰው ቤት ሠሪዎችም የሚታወሱትን ያህል ከላይ ይቅደሙ።